118፦ የማን ልብ ነበር?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው በአንድ የወረዳ ከተማ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ባለው ታሪክ ውስጥ የተሳሳተውን ቁጥር ካርድ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ በሕይወት ተወለደች። ባትተርፍ ኖሮ ይህን ለመጻፍ ወኔ ይኖረኝ እንደሆነ እንጃ።

ታሪኩ እንዲጻፍ እናቲቱ ፈቅዳለች። ስሟን፣ የቦታውን ስምና ዓመቱን ትቻለሁ።

## እናቲቱ

የ24 ዓመት ሴት ናት። ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ያለምንም ችግር ጤና ጣቢያ ወልዳለች። የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን ስትጠየቅ «ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ ነበር የመጨረሻው» አለች። ይህ ለእኛ ወርቅ ነው። በዓል ይዛ የምትቆጥር እናት ቀኗን አትስትም። በዚህ ሂሳብ ልጁ የሚጠበቀው ጥቅምት 17 ገደማ ነበር። እሷ የመጣችው ጥቅምት 12 ነው፤ 39 ሳምንት አልፏታል።

የክትትል ካርዷን ሳየው የተሟላ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳነበው ግን ሁለት ነገር ቆረቆረኝ። አንደኛ፣ የጽንሱ የልብ ምት በሦስቱም ቀጠሮ «140» ተብሎ ተጽፏል። በአንድም ቀን 138 ወይም 146 የለም። ከልምድ እንደማውቀው፣ እንዲህ የሚደጋገም ክብ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእጅ ሰዓት የመጣ አይደለም፤ ከእስክሪብቶ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ የማህፀኑ ከፍታ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች በሜትር አልተለካም። «ከቀኑ ጋር ይሄዳል» ይላል፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ያየሁት ግን በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ካርዱን ገልጬ የደም ዓይነቷን ብቻ አይቼ ዘግቼዋለሁ።

## «ዝም አለኝ»

ችግሩ የጀመረው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ጥቅምት 11 ከሰዓት ልጁ እንደ ወትሮው አልገፋ አላት። ለአማቷ ነገረቻቸው። አማትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰሙትን ነው የነገሯት፦ «ሊወለድ ሲል ጸጥ ይላል፤ ጉልበቱን እያጠራቀመ ነው።» ጎረቤትም ተስማማ። እሷ ግን አላመነችም። ባጃጅ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

እዚያ ዶፕለር የሚባለው የጽንስ ልብ ምት ማዳመጫ ሆዷ ላይ ተደረገ። ዱክ ዱክ የሚለውን እሷም ሰማች። «118 ነው፣ ደህና ነው፣ ምጥ ሲመጣ ነይ» ተባለች። እፎይ ብላ ቤቷ ገባች። ሌሊት ምጡ ጀመራት።

እዚህ ላይ የአማትየውን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው ጥሩ አይሆንም፤ በየቤቱ የሚነገር ነውና። ጽንስ ወደ መወለጃው ሲቃረብ የእንቅስቃሴው ዓይነት ይቀየራል። ቦታው ስለሚጠበው እንደ ድሮው አይገለባበጥም፤ መግፋት፣ መወጠር፣ መንከባለል ይሆናል። መጠኑ ግን አይቀንስም። ጽንስ ይተኛል፤ እንቅልፉ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ከሰዓት እስከ ማታ ዝም ያለ ልጅ ተኝቶ ነው አይባልም።

## ጠዋት 2፡40፣ ማዋለጃ ክፍል

እኛ ጋ የደረሰችው ከጠዋቱ 2፡40 ነው። ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ከንፈሯ ደርቋል። ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ዶፕለሩን ከእምብርቷ በታች በግራ በኩል አደረግኩት። ወዲያው ያዘ። 118። ከ110 እስከ 160 ባለው መደበኛ ክልል ውስጥ ነው። ጻፍኩት። ትናንት ጤና ጣቢያ ከተነገራት ጋር መመሳሰሉ ደግሞ የበለጠ አረጋጋኝ። አሁን ሳስበው ያ መመሳሰል ነበር ሊያስደነግጠኝ የሚገባው።

ሲኒየሯ አዋላጅ ፈረቃ ልትረከብ ገባች። ይህች ሴት ስታዋልድ የኖረች ናት፤ እኛ ሁላችን ከእሷ ነው የተማርነው። ካርዱን አየች፣ እናቲቱን አየች፣ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። የምታጽናናት መስሎኝ ነበር። ለካ የእጇን ትርታ እየቆጠረች ነው። ከደቂቃ በኋላ ቀና ብላ፣ «አንተ፣ የማንን ነው የቆጠርከው?» አለችኝ።

የእናቲቱ ትርታ 118 ነበር።

አንዲት ነፍሰ ጡር ትርታዋ 118 የሚደርስበት ምክንያት ሞልቷል። የዚችኛዋ በኋላ ሲታወቅ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው፦ ደም ማነስ አለባት (ሄሞግሎቢኗ 8.4 ነበር)፣ ሰውነቷ ውሃ አጥሮታል፣ ፈርታለች። በዚህ ላይ ምጥ አለ።

ዶፕለር እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አይገረምም። ዶፕለር ልብን አይሰማም። የድምፅ ሞገድ ይልክና የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያገኝ ለእኛ ድምፅ ያወጣልናል። የሚንቀሳቀሰው የጽንሱ ልብ ይሁን የእናቲቱ ደም ሥር ለእሱ ልዩነት የለውም። ትልልቆቹ የእናት ደም ሥሮች ደግሞ እዚያው ታች፣ በግራም በቀኝም አሉ። የእናቲቱ ትርታ 75 ቢሆን ኖሮ ማንም ይነቃ ነበር። 118 ሲሆን ግን የጽንሱን መደበኛ ክልል ተከናንቦ ያልፋል።

ትናንት ጤና ጣቢያ የተሰማው የማን ነበር? የእናቲቱ ትርታ በዚያ ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ማረጋገጥ አይቻልም። የእኔ ግምት ያው ነው፣ የእሷው ነበር።

## ወደ ቀንዷ መመለስ

ሲኒየሯ መጀመሪያ ሆዷን በእጇ ዳሰሰች። የልጁ ጀርባ በቀኝ በኩል ነው። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ፌቶስኮፕ አወረደች። ቀንድ የመሰለችው፣ ባትሪ የማትጠይቀው መስሚያ ናት። ፈረንሳዊው የማህፀን ሐኪም አዶልፍ ፒናር በ1895 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቃት ናት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ቅርጿ ብዙም አልተለወጠም። እኛ ወጣቶቹ ዶፕለር ከመጣ ወዲህ ረስተናት ነበር።

የፌቶስኮፕ ጥቅሟ የምትሰማው እውነተኛ የልብ ድምፅ መሆኑ ነው። ከጨርቅ ስር እንዳለ ሰዓት ቲክ-ቲክ፣ ድርብ ሆኖ ይሰማል። የእናቲቱ ደም ማህፀን ውስጥ ሲያልፍም የሚሰማ ድምፅ አለ፤ እሱ ግን እንደ ነፋስ ሹሽ ይላል። አንድ ጊዜ የለየ ጆሮ አያምታታውም።

በቀኝ በኩል፣ ከሁለት ደቂቃ ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ደከም ያለ ነው፤ ግን አለ። 152። በሌላ እጇ የእናቲቱን ትርታ አለቀቀችም ነበር።

ይህ ዘዴ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1821 እ.ኤ.አ. ኬርጋራዴክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ጽንሱ የእንሽርት ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እሰማለሁ ብሎ የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ መስሚያ አደረገ። ውሃውን ሲፈልግ ልብ ሰማ። የጽንሱ ልብ መሆኑን የለየው ከእናቲቱ ትርታ ጋር አነጻጽሮ ነው። እኔ ከ200 ዓመት በኋላ ያንን ዘለልኩት።

## 152 ደህና ነው ወይ?

እኔ እፎይ አልኩ። ሲኒየሯ አላለችም። «ቁርጠቱ መጥቶ ይሂድ፤ ከዚያ እንቁጠር» አለች።

ምጥ ሲመጣ ማህፀን ይጨመቃል። በዚያ ቅጽበት ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ጤነኛ ጽንስ ስንቅ ስላለው ይቋቋመዋል። ዳገት የሚወጣ ጤነኛ ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቶሎ ይመለሳል። የታመመው ግን ጫፍ ከደረሰ በኋላ ነው ቁጭ የሚለው። ስንቁ ያለቀበት ጽንስ ልቡ የሚዘገየው ቁርጠቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለመመለስም ጊዜ ይወስድበታል። በሁለት ቁርጠት መካከል ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ፣ በቁርጠቱ ጊዜና ካለፈ በኋላም ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አዳምጡ የሚለው ለዚህ ነው።

እሷ አዳመጠች፣ እኔ ሰዓት ያዝኩ። በየ15 ሰከንዱ የቆጠረችውን ትነግረኛለች፤ የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ከቁርጠቱ በፊት 38፣ 37። ቁርጠቱ ሲያልፍ 26፣ 28፣ ከዚያ 35። በአራት ሲባዛ ከ152 ወደ 104 ወርዶ፣ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ተመለሰ ማለት ነው። በሚቀጥለው ቁርጠትም እንዲሁ። በሦስተኛውም።

ደቂቃውን ሙሉ በአንድ ላይ ብንቆጥር ኖሮ ስንት ይወጣ ነበር? ከ38 ጀምረን አራቱን ብንደምር 129። «ኖርማል» ብለን እንጽፈው ነበር። ያ የጓንት ካርቶን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

በግራ ጎኗ አስተኛናት። ፈሳሽ በደም ሥር ከፈትን፤ ደም ለሄሞግሎቢንና ለደም ዓይነት ተወሰደ። ምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት አልተሰጣትም ነበር፤ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው። የማህፀኗ በር 4 ሴንቲ ተከፍቷል። ስትመረመር የእንሽርት ውሃው ፈሰሰ፤ ወፍራም አረንጓዴ ነበር። የማህፀኗ ከፍታ በሜትር ሲለካ 33 ሴንቲ ሆነ። ለዚያ የእርግዝና ዕድሜ ያነሰ ነው፤ ልጁ ማህፀን ውስጥ እንደሚገባው እንዳላደገ ጠረጠርን።

ሐኪሙ 3፡35 ላይ ተጠራ። ቶሎ መጣ። የጓንት ካርቶኑን አይቶ «በማሽን እንየው» አለ።

## ማሽኑ

ስለዚህ ማሽን ትንሽ ላውራ። በእርዳታ የመጣ የጽንስ ልብ ምት መከታተያ አለን፤ ሲቲጂ እንለዋለን። ሁለት ቀበቶ ሆድ ላይ ይታሰራል፤ አንዱ የልብ ምቱን፣ ሌላው ቁርጠቱን ይመዘግባል። የሚስለው መስመር በትክክል ከተያዘ ብዙ ይናገራል። ልቡ ዝም ብሎ በአንድ ቁጥር ላይ የሚሄድ ነው ወይስ ከፍ ዝቅ ይላል? ይህን ጆሮ በቀላሉ አይለየውም። ጤነኛ ልብ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንጎሉ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ምጥ ሳይጀምር በሚደረግ ምርመራ ደግሞ ቀኑ የደረሰ ጽንስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢያንስ በ15 ምት ከፍ ብሎ፣ ለ15 ሰከንድ ከቆየ ለጊዜው ደህና ነው ይባላል።

የእኛ ማሽን ግን ወረቀቱ ካለቀ ቆይቷል። ስክሪን ብቻ ነው። ቀበቶው ደግሞ ላልቷል። በ3፡40 ተገጠመ። ቁጥሩ 150፣ ከዚያ 119፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ 148፣ ከዚያ 121። ሐኪሙ «ይኸው እየወረደ ነው» ሲል፣ እኔ ደግሞ «የእናቲቱን ይሆናል» ስል፣ ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም። ማሽኑ ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው እየዘለለ ነበር። 25 ደቂቃ ሄደ።

ያዳነን ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያ። ከኮቪድ ወዲህ በየክፍሉ አይጠፋም። ሲኒየሯ የእናቲቱ ጣት ላይ ሰካችና ከሲቲጂው ስክሪን አጠገብ አቆመችው። ሁለቱ ቁጥር ሲመሳሰል የእናት ነው፤ ሲለያይ የልጁ። በዚህ መልክ ሁለት ቁርጠት ታየ። የልጁ እውነትም ይወርዳል። በመሃል ያለው መስመር ደግሞ ጠፍጣፋ ነው።

ማሽኑን አልጠላም። ነገር ግን ማሽን ሲመጣ ጆሮ አይባረርም። በአየርላንድ፣ ደብሊን ብሔራዊ የወሊድ ሆስፒታል፣ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ1985 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ግማሾቹ በማያቋርጥ ማሽን፣ ግማሾቹ በየተወሰነ ደቂቃ በሚደረግ ማዳመጥ ተከታተሉ። የሕፃናት ሞት በሁለቱም ወገን 14፣ እኩል ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያጋጠማቸው ሕፃናት ግን በማሽኑ ወገን አንሰዋል፤ 12 ለ27። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለጤነኛ እናት፣ በራሱ ለጀመረ ምጥ፣ የማያቋርጥ የማሽን ክትትል አይመክርም። የዚች እናት ሁኔታ ግን ከዚህ ክልል የወጣ ነው። ችግር የተጠረጠረበት ልጅ ነው፤ ማሽኑ ቢሠራ ቦታው ነበር።

## ኦፕራሲዮን

ውሳኔው 4፡10 ላይ ተሰጠ። ልጅቷ የወጣችው 5፡20 ነው። ሰባ ደቂቃ። በብዙ አገር ለአስቸኳይ ኦፕራሲዮን የሚጠቀሰው 30 ደቂቃ ነው። የት ሄደ? የሰመመን ባለሙያው ከተማ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ እስኪነሳ 15 ደቂቃ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ 10 ደቂቃ። ባልየው የፈቃድ ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ከወንድሙ ጋር መማከር ፈለገ። እኔም ብሆን እማከር ነበር፤ የነገርነው በሩጫ ነው። ሲኒየሯ የጓንት ካርቶኑን አሳይታው «ልጅህ እየደከመ ነው፤ ቁጥሩ ይኸው» ስትለው ፈረመ።

ሴት ልጅ፣ 2,300 ግራም። ስትወጣ አላለቀሰችም። ተጠርጋ፣ ሞቃ፣ በአምቡ ባግ ለሁለት ደቂቃ ያህል አየር ተሰጣት። አፕጋሯ (አዲስ ለተወለደ ሕፃን ሁኔታ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ) በመጀመሪያው ደቂቃ 4፣ በአምስተኛው 8። እንግዴ ልጁ ትንሽ ነበር፤ ነጭ ነጭ የደረቀ ቦታ አለበት። እትብቱ አንገቷ ላይ አንድ ዙር ነበር። ዘመዶቹ ሁሉ ጥፋቱን በእትብቱ ላይ አደረጉ። አንድ ዙር እትብት ብዙ ጤነኛ ሕፃናትም ይዘውት ይወለዳሉ፤ የዚችኛዋ ችግር ስንቋ ነው። ሲያስረዷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጅ ሲወጡ ግን «እትብት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ጡት እየጠባች ወደ ቤት ሄደች። እናቲቱ ብረት እንክብል ይዛለች።

## የሠራውና ያልሠራው

በመጀመሪያ የሠራው የእናቲቱ ጥርጣሬ ነው። ጎረቤት፣ አማት፣ ባለሙያ ደህና ነው ሲሏት «ዝም አለኝ» ማለቷን አልተወችም። እኛ ጋ ስትደርስም የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር። እኔ ግን «ዋና ችግር» በሚለው ቦታ «ምጥ» ብዬ ነው የጻፍኩት። የእሷን ቃል እንዳለ ብጽፈው ኖሮ ዶፕለሩን በሌላ ልብ እይዘው ነበር።

ያልሠራው የአንድ ጊዜ ቁጥር ነው። እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ ያለችን እናት ለ10 ሰከንድ ዱክ ዱክ አሰምቶ መመለስ፣ ልጁ በዚያች ሰከንድ በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ያውም የሰማነው የእሱ ከሆነ። ጤና ጣቢያው ሲቲጂ የለውም፤ አይፈረድበትም። ማህፀኗን በሜትር ለክቶ፣ ትርታዋን ቆጥሮ ወደ እኛ ቢልካት ግን ግማሽ ቀን እናተርፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀየርነው ጥቂት ነው። የልብ ምት የሚጻፈው ሁለት ሆኖ ነው፤ የእናት በስተግራ፣ የልጅ በስተቀኝ፦ 118/152። መጀመሪያ እጅ ሆዱን ይዳስሳል፣ ቀጥሎ ፌቶስኮፕ፣ ዶፕለር ከዚያ። ጥርጣሬ ካለ በየ15 ሰከንዱ ተከፋፍሎ ይቆጠራል። እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ ያለች ሁሉ ሳትመረመር አትመለስም። ለጤና ጣቢያዎቹም በወርሃዊ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ጉዳይ ያለስም ነገርናቸው፤ የእኔን ስህተት ጨምሬ ስለተናገርኩ ይመስለኛል፣ ማንም አልተቀየመም።

ሁሉም አልጸናም። ከሦስት ወር በኋላ ካርዶቹን ሳገላብጥ የቀን ፈረቃው ሁለቱንም ቁጥር ይጽፋል። በሌሊት ፈረቃ ላይ ግን በስተግራ ያለው ባዶ የሆነበት ብዙ ነው። አንድ አዋላጅ ሦስት ምጥ ይዛ ሌሊቱን ስታነጋ ማን ይቆጣታል? ጣት ላይ የሚሰካውን መለኪያ ከዶፕለሩ ጋር በአንድ ክር አሰርነው፤ አንዱን ሲያነሱ ሌላውም እንዲመጣ። ትንሽ ረድቷል።

የሲቲጂው ወረቀት እስካሁን አልመጣም። ግድግዳው ላይ ያለው የድሮ ፖስተርም አልተቀየረም፤ የጽንስ ልብ ምት ከ120 እስከ 160 ይላል። ከተለማማጅ ተማሪዎቹ አንዷ በእስክሪብቶ 120ውን ሰርዛ 110 አድርጋዋለች። ከስሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «የእናትየውስ?» ብላ ጽፋበታለች።